ያረጀውን ቤታ ዓሳሽን በጽዳት እንዳታስጨንቂው

እህቴ፣ «ሦስት ዓመት የሆነው ቤታዬ ቀለሙ ደበዘዘ፣ ቀኑን ሙሉ ታች ተኝቶ ይውላል፤ መድኃኒት ልጨምርለት ወይስ ገንዳውን ልጠበው?» ላልሽው፣ እባክሽ ሁለቱንም ተይው። የኔም እንደዚሁ ነው የጀመረው። ዓሳሽ አርጅቷል። ለቤታ ሦስት ዓመት ሽምግልና ነው።

1. የውሃውን ከፍታ ቀንሺ። ቤታ በስንጥቡ ብቻ አይተነፍስም፤ ላይ ወጥቶ አየር መጎንጨት አለበት። ሲደክም ያ መንገድ ይርቅበታል። እኔ ውሃውን ወደ 15 ሴንቲ ሜትር አወረድኩት (ማሞቂያው ከውሃ እንዳይወጣ ተጠንቀቂ)፣ ከላይ ጠጋ አድርጌ ሰፊ ቅጠል አሰርኩለት። በማግስቱ ቅጠሉ ላይ በጎኑ ጋደም ብሎ፣ አፉን ብቻ ብቅ እያደረገ ሲጎነጭ አገኘሁት። ደስታዬን አልነግርሽም።

2. ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቢ። እኔን የበላኝ ይሄ ነው። ቀለሙ ሲጠፋ ከቆሻሻ መስሎኝ ውሃውን በሙሉ ደፋሁት። ጠጠሩን ፈተግኩ፣ የፊልተሩን ስፖንጅ ቧንቧ ሥር ጨመቅኩት። ለካ የዓሳውን ቆሻሻ የሚያመክኑት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያው ስፖንጅ ላይ ነው፤ የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ጨረሳቸው። በሦስተኛው ቀን ስንጥቡ ቀልቶ ላይ ላዩን ሲያለከልክ አየሁት። ውሃውን ስለካው አሞኒያ (ከዓሳው ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ) ሞልቶታል። ሮጬ የሸጠልኝን ሰውዬ ብጠይቀው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ዓሳ አይደል እንዴ? ሲሞት ሌላ ግዛ» አለኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሩቡን ብቻ፣ ክሎሪኑ በማጥፊያ ጠብታ የጠፋለትንና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር እኩል የሆነ ውሃ እየቀየርኩ ሁለት ሳምንት ታገልኩ። ተረፈልኝ! ስፖንጁን አሁን የማጥበው ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ነው።

3. ምግቡን አርሰሽ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ሁልጊዜ አንድ ጥግ ላይ ስጪው። የኔ አንድ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት ስለነበር ምግቡ አጠገቡ ሲወድቅ እንኳ አያየውም። በወረንጦ አፉ ድረስ አቀርብለት ነበር። እንዲህ አድርጌ ሰባት ወር አኖርኩት።

ስለ መድኃኒት፣ ነጭ ነጠብጣብ ካየሽበት ወይም ክንፉ እየበሰበሰ ከሄደ ያኔ እናወራለን። አሁን ግን የውሃው ሙቀት ስንት እንደሆነ ለክተሽ ጻፊልኝ። ከ25 እስከ 27 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ታች የሚያስተኛው ብርዱም ሊሆን ይችላል።