ለጀማሪ የሥዕል መምህራን፦ በሦስት ቀለም ጀምሩ

ውድ ወጣት መምህራን፣

የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎችን ሥዕል ለማስተማር ገና መግባታችሁ ነውና፣ ዕድሜዬን በዚሁ ሙያ ያሳለፍኩ እንደመሆኔ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ለልጆቹ የምትሰጡትን ቀለም አሳንሱ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ በተጨማሪም ነጭ ይበቃቸዋል። ጥቁሩን ለጊዜው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፉበት።

ይህን የምለው ለቁጠባ ብዬ አይደለም። ብዙ ቀለም የተደረደረበት ሣጥን የተሰጠው ልጅ አረንጓዴ ሲያሻው አረንጓዴውን ያነሣል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሦስት ብቻ የተሰጠው ልጅ ግን አረንጓዴውን ራሱ መሥራት አለበት። ሲሠራም የለጋ ቅጠል አረንጓዴና የደረቀ ሣር አረንጓዴ ለየቅል መሆናቸውን በዓይኑ ያያል። ከዚያ በኋላ ዛፍ ሲያይ የሚያየው ሌላ ዛፍ ነው።

አጀማመሩ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሰማያዊ ጉልበተኛ ቀለም ነው፤ ቢጫን ቶሎ ይውጠዋል። ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ ቢጫውን ሳህኑ ላይ ያፍስስ፣ ከዚያ በብሩሹ ጫፍ ጥቂት ሰማያዊ ይጨምር፣ ያማስል፣ ወረቀቱ ላይ አንዲት ትንሽ ካሬ ይቀባ። እንደገና ጥቂት ይጨምር፣ ቀጣዩን ካሬ ይቀባ። ከቢጫ ተነሥቶ ሰማያዊ እስኪደርስ የሚቀባው ያ ረድፍ፣ ሰሌዳ ላይ ከምትጽፉት ማብራሪያ ሁሉ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሳይሆን ሁለት ኩባያ ውኃ ስጡ፤ አንዱ ብሩሽ ለማጠብ፣ ሌላው ንጹሕ ሆኖ ለመቆየት። አሮጌ ጨርቅም አይጥፋ።

ቀጥሎ ቀይና ሰማያዊ ሲቀላቅሉ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፦ «ሐምራዊ ይሆናል ብለውን አልነበር? ለምን ቡናማ ሆነብኝ?» ይህን ጥያቄ በደስታ ተቀበሉት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቀዩ ነው። ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ቀይ ቢጫም አብሮት ስላለ፣ ሰማያዊ ሲጨመርበት ሦስቱም ተገናኙ ማለት ነው። ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ ስጡና ከፊተኛው ጋር ያወዳድሩት። የማተሚያ ማሽኖች በቀይና በሰማያዊ ፋንታ ማጀንታ የተባለውን ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይና ሲያን የተባለውን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፈካ ያለ ሰማያዊ የሚጠቀሙትም ንጹሕ ቅልቅል ስለሚያስገኙላቸው ነው። መልሱን ግን ቀድማችሁ አትንገሯቸው፤ ሁለቱን ሐምራዊ ጎን ለጎን አድርገው ሲያዩ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ቡናማው ራሱ ደግሞ ሀብት ነው። «አበላሸኸው» የሚለው ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። እኔ ከሁሉም የምወደው ሥራ ልጆቹ የራሳቸውን እጅ ቀለም እንዲሠሩ ማድረግን ነው። ከቀይ፣ ከቢጫ፣ ከሰማያዊና ከነጭ እየቀላቀሉ የእጃቸውን ጀርባ ወረቀቱ አጠገብ አስጠግተው ያስተያያሉ፤ ትንሽ ቀይ፣ ትንሽ ነጭ፣ ትንሽ ደግሞ ሰማያዊ። አጠገባቸው ያለው ልጅ ሌላ ቅልቅል ያገኛል። ጨርሰው ወረቀቶቹን ግድግዳ ላይ ስትደረድሯቸው ሁለት ፍጹም አንድ የሆኑ ማግኘት ያስቸግራል። «የቆዳ ቀለም» ተብሎ በአንድ እርሳስ ላይ የሚጻፈው ስያሜ ትክክል እንዳልሆነ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

የቀለም ክብ የሚባለውን፣ ቀለማት በክብ ተደርድረው የሚታዩበትን ሥዕል በመጀመሪያው ቀን ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ኒውተን ቀለማትን በክብ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1704 መጽሐፉ ያወጣው፣ ብርሃንን በፕሪዝም፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ቀለማቱ በሚከፍል ባለ ሦስት ጎን መስታወት፣ እየበተነ ለዓመታት ከመረመረ በኋላ ነው። ልጆቹም ከቀላቀሉ በኋላ ክቡን ራሳቸው ይሥሩት። ቀይ ቁጣ ነው፣ ሰማያዊ ሐዘን ነው የሚለው ትምህርትም ለዚህ ዕድሜ አያስፈልግም።

ቅልቅሉን ሲለምዱት ቀለም ከጎረቤቱ ጋር ምን እንደሚሆን አሳዩአቸው። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት እኩል ካሬዎች ቆርጠው አንዱን ጥቁር፣ ሌላውን ነጭ ወረቀት ላይ ያጣብቁ። ጥቁሩ ላይ ያለው ፈክቶ፣ ነጩ ላይ ያለው ጠቁሮ ይታያል። ልጆቹ አያምኑም፤ ካሬዎቹን አንሥተው እንደገና ያመሳክራሉ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭረል በፓሪሱ የጎብለን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል አቤቱታ ይደርሰው ነበር። መርምሮ ያገኘው ግን ችግሩ ከማቅለሚያው ሳይሆን ክሩ አጠገብ ከተሸመኑት ቀለማት መምጣቱን ነው፤ ጥናቱንም እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመው። ይህን ታሪክ ካሬዎቹን ካጣበቁ በኋላ ብትነግሯቸው በጉጉት ይሰሙታል።

በመጨረሻ፣ ግንዱን አረንጓዴ፣ ቅጠሉን ቡናማ የሚቀባ ልጅ ቢያጋጥማችሁ ቸልተኛ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ልጆች አሉ፤ በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ ከ12 ወንዶች አንዱ ያህል እንዲህ ነው፣ በሴቶች ላይ ግን እጅግ ያነሰ ነው። በጓደኞቹ ፊት አትፈትኑት። በእያንዳንዱ የቀለም ጠርሙስ ላይ ስሙን በጉልህ ጻፉበት፣ ለወላጆቹ ለብቻቸው ንገሯቸውና ዓይኑን እንዲያስመረምሩት ምከሯቸው። አንድ ቀለም ብቻ ይዞ በነጭ እያፈካ የሚሠራበትን ሥዕልም አዘውትራችሁ ስጡ፤ እዚያ ላይ ከማንም እኩል ነው።