ጥቁር አፈር ገዝቼ ጎመኔ ቢጫ ሆነ

ጥያቄ፦ የምኖረው ባህር ዳር ነው። ግቢዬ ድንጋያማ ስለሆነ በብሎኬት ሦስት ከፍ ያሉ መደቦች አሠራሁ፤ እያንዳንዱ 3 ሜትር በ1 ሜትር ከ20፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር። ከግንባታ ቁፋሮ የወጣ ጥቁር አፈር በሲኖትራክ አስመጥቼ ሞላሁት። ሲጠጥርብኝ የጤፍ ጭድ ቀላቀልኩበት። አሁን ጎመኑ ቢጫ ሆኗል፣ አፈሩም ይሰነጠቃል። ሌላ አፈር ልግዛ? የጣናን እምቦጭ አብስብሼ ብጨምርስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላ አፈር አትግዢ። ገንዘብሽን ለፍግ አድርጊው።

ያታለለሽ ጥቁረቱ ነው። ጥቁር አፈር ስናይ «ይሄማ ለም ነው» ማለት ይቀናናል። ያንቺው ግን ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ከመሠረት ቁፋሮ የመጣ ነው። ብስባሹም ትሉም ያለው ከላይኛው አንድ ስንዝር ላይ ነው እንጂ ከዚያ ጥልቀት የሚወጣ አፈር ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ቢጫው ደግሞ የጭዱ ሥራ ይመስለኛል። ጥሬ ጭድ አፈር ውስጥ ሲገባ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ይሻሙታል፣ ጎመንሽ ጾሙን ያድራል። ቢጫው ከታችኛው ቅጠል ከጀመረ ነገሩ ይሄው ነው። ጭዱ በስብሶ ሲያልቅ ይመልሰዋል፣ ግን ወራት ይፈጃል። ለጊዜው ትንሽ ዩሪያ በውሃ አሟሙተሽ ከሥሩ ራቅ አድርገሽ አጠጪው።

አሸዋ ጨምሪበት የሚልሽ አይጠፋም። ተዪው። ዋልካ ላይ ትንሽ አሸዋ መጨመር ጡብ መሥራት ነው።

ከእያንዳንዱ መደብ የአፈሩን አንድ ሦስተኛ አውጪና ማንጎ ወይም ፓፓያ ካለሽ ሥሩ ላይ በትኚው። በቦታው የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት አስገቢ፤ ለአንዱ መደብ በግምት 4 ወይም 5 ኩንታል ጆንያ ይበቃል። ከታች ድረስ አገላብጠሽ ቀላቅዪው፤ ከላይ ብቻ ማልበስ ለዋልካ አይሠራም። ወረታ በኩል የሚመላለስ ሰው ካለሽ ከሩዝ መፈልፈያ የሚወጣውን ቅርፊት ሁለት ጆንያ ያምጣልሽ። ቶሎ ስለማይበሰብስ እንደ ጭዱ ናይትሮጅን አይሻማም፣ አፈሩንም ያላላዋል። ከቤተ ክርስቲያን ደን አፈር አምጡ ማለት ግን አይገባም፣ እሱ የዛፎቹ ነው።

ፍግ በኛ አካባቢ ኩበት ሆኖ ምድጃ ስለሚገባ ርካሽ አይደለም። የወተት ላም የሚያረቡትን ጠይቂ፣ የበግና የፍየል ከተገኘ ደግሞ ይበልጣል። ትኩሱን እንዳታስገቢ፣ ሥር ያቃጥላል። የበሰለው ፍግ ፍግ አይሸትም፣ ዝናብ የነካው አፈር ነው የሚሸተው። ከተጠራጠርሽ ከጓዳሽ ፌጦ ውሰጂ፤ በጣሳ ፍግ ላይ ዝሪና አርጥቢው። በሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ካልበቀለ ወይም ቢጫ ሆኖ ከቀጨጨ ሌላ ወር አቆዪው።

እምቦጩን በተመለከተ፣ ይበሰብሳል፣ ጥሩ ኮምፖስትም ይወጣዋል። እኔ ግን ወደ ግቢሽ ባታመጪው እመርጣለሁ። ዘሩ ዓመታት ይቆያል፤ ክምሩ መሃሉ እጅ እስኪያቃጥል ካልሞቀ አይሞትም፣ ጎርፍ ደግሞ መልሶ ወደ ሐይቁ ይወስደዋል። ከከተማው ፍሳሽ አጠገብ የበቀለው እንደ እርሳስ ያለ መርዛማ ከባድ ብረትም ይመጥጣል፣ ለሰላጣ አልመክርም። የግድ ካልሽ ሳያብብ የተነቀለውን ብቻ ውሰጂ። አብዛኛው ውሃ ስለሆነ መጀመሪያ አጠውልጊው፣ ከዚያ ከደረቅ ጭድ ጋር ከምረሽ በየሁለት ሳምንቱ አገላብጪው። ለዚያ ለተረፈሽ ጭድም ሥራ ተገኘለት።

አመድ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ጎረቤት መምከሩ አይቀርም። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር አብዛኛው አሲዳማ ስለሆነ ለዚያ አመድም ኖራም ይጠቅማል። ዋልካ ግን ብዙውን ጊዜ አሲዳማ አይደለም፣ ያንቺ አመድ ዕቃ ማጠቢያ ይሁን።

የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሳይመጣ ደግሞ የመደቦቹን ሥር ተመልከቺ። ግንበኛው ዙሪያውን በሲሚንቶ ደፍኖት ከሆነ ውሃው መውጫ የለውም፣ የቲማቲም ሥር በሳምንት ይበሰብሳል። በየጎኑ ሁለት ሁለት ቀዳዳ አስበሺ፣ ከውስጥ በኩል ጠጠር አድርጊበት።