ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን፦ በምናባዊ ዓለምና በድር ላይ ማስተማር

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ኦፕንሲም (የ3ዲ ምናባዊ ዓለም መገንቢያ ሶፍትዌር) ላይ ወንበር፣ ሰሌዳና ስክሪን ያለው ክፍል ሠርቼ ተማሪዎቼን አስገባኋቸው። ግማሾቹ አቫታራቸውን (በዓለሙ ውስጥ የሚወክላቸውን ምስል) አብርረው ሄዱ፣ ግማሾቹ ፀጉሩን ሲቀያይሩ 40 ደቂቃው አለቀ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ወንበሮቹን ያንሷቸው። ስላይድ ለማሳየት ተራ የቪዲዮ ስብሰባ ይበቃል፤ ጽሑፉም ጠርቶ ይነበባል። ምናባዊ ዓለም ልፋቱን የሚክሰው ተማሪው የሚገነባውና በውስጡ የሚዞርበት ነገር ሲኖር ነው። ለእርስዎ ትምህርት ደግሞ ከመጠን (ከነገሮች ትልቅነትና ትንሽነት) የተሻለ ርእስ አናውቅም።

አንድ ማይክሮሜትር አንድ ሜትር ይሁን ብለው ይጀምሩ። በዚህ ልኬት ቀይ የደም ሕዋስ ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ስፋትና 2 ሜትር ገደማ ውፍረት ይኖረዋል። ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ያህላል፤ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ደግሞ 10 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በመዳፍ የሚያዝ። የሰው እንቁላል ሕዋስ ግን 100 ሜትር አካባቢ ስለሚሆን፣ ጎኑ 256 ሜትር ከሆነው መደበኛ ሪጅን (የዓለሙ አንድ የመሬት ክፍል) ከሲሶው በላይ ይሻገራል፤ እሱን መገንባት አያስፈልግም፣ ክቡን መሬት ላይ ማስመር ይበቃል። የዲኤንኤ ክር ውፍረት 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አንድ ቁራጭ ሠርተው ሕዋሱ አጠገብ ያኑሩና ተማሪዎቹ ፈልገው ያግኙት። ያን ሲፈልጉ የሚገባቸውን በቁጥር ሰንጠረዥ ማስረዳት ከባድ ነው።

አራት አራት አድርገው ይመድቧቸው። ተራ የጽሑፍ ቻት ካልተቀየረ በቀር 20 ሜትር ድረስ ስለሚነበብ፣ የቡድኖቹን የሥራ ቦታ ቢያንስ 30 ሜትር ያራርቁት፤ አለዚያ የሁሉም ወሬ ይደበላለቃል። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚያቃጥለው የፈቃድ ጉዳይ ነው። አንዱ ተማሪ የሠራውን ሌላው ሊነካው አይችልም፤ ዕቃው ለቡድኑ መመደብ አለበት፣ «ለቡድን አጋራ» የሚለው ሳጥንም ምልክት ሊደረግበት ይገባል። አንዱ ከጎደለ አይሠራም። በኦፕንሲም የቡድን አገልግሎቱ ራሱ ከሰርቨሩ ማስተካከያ ካልተከፈተ አይገኝም፤ ይህን ከክፍለ ጊዜው በፊት ይፈትሹት።

ፀጉር መቀየሩን አይከልክሉ፤ ለእሱና ለመራመድ፣ ካሜራ ለማዞር የተለየ 20 ደቂቃ በሌላ ቀን ይስጧቸው። የመጀመሪያውን ትእዛዝም አቫታሮቹ በሚያርፉበት ቦታ በጽሑፍ ያኑሩ። በየቀኑ መጨረሻ የሪጅኑን ቅጂ በኦኤአር ፋይል ያስቀምጡ። ነገር ግን ቅጂው መልሶ ሲጫን «አዋህድ» ካላሉት በቦታው ያለውን ሁሉ ይተካዋል፤ የአንዱን ቡድን ስሕተት ለማረም ብለው የሌሎቹን ሥራ እንዳያጠፉ።

ጥያቄ፦ ከተማሪዎቼ ጋር 30 ሥዕሎች የተሰቀሉበት የ3ዲ ዐውደ ርእይ ለድር ሠራን። ኮምፒውተሬ ላይ ፋይሉን ደብል ክሊክ ሳደርግ ግድግዳው ባዶ ነው። ሰርቨር ላይ ስንጭነው ከፊሎቹ አይታዩም። ስልክ ላይ ደግሞ ገጹ ራሱ ይዘጋል።

መልስ፦ ሦስቱም የተለያየ ምክንያት አላቸው። የመጀመሪያው ጥፋት አይደለም፤ በቀጥታ ከዲስክ በተከፈተ ገጽ ላይ ብራውዘሩ ምስሎችን ወደ 3ዲ ትእይንቱ ማስገባትን ለደኅንነት ሲል ይከለክላል። ኮምፒውተርዎ ላይ ትንሽ ሰርቨር አስነሥተው በእሱ በኩል ይክፈቱት።

ሁለተኛው ምናልባት የፊደል ነው። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል በፋይል ስም ውስጥ አይለይም፣ የሊኑክስ ሰርቨር ግን ይለያል። ኤፍ12 ተጭነው የኔትወርክ ገጹን ይመልከቱ፤ 404 የሚል (ፋይሉ አልተገኘም ማለት ነው) ካዩ የፋይሉን ስም ከኮዱ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ከዚህ በኋላ ሁሉንም በትንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ይሰይሙ።

የስልኩ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። የጄፔግ ፋይሉ 300 ኪሎባይት ነውና ቀላል ነው ይባላል። ግራፊክስ ሚሞሪ ውስጥ ሲገባ ግን ይፈታል፤ እያንዳንዱ ነጥብ (ፒክስል) 4 ባይት ይወስዳል። ጎኖቹ 2048 ነጥብ የሆኑ አንድ ሥዕል 16 ሜጋባይት ይሆናል። 30ዎቹ 480፤ ከርቀት ለሚታዩበት የሚዘጋጁት አነስተኛ ቅጂዎች ሲጨመሩ ሲሶ ያህል ይጨምርና ወደ 640 ይደርሳል። ስልኩ ይህን ሲያይ ገጹን ይዘጋዋል። ወደ 1024 ሲያወርዷቸው ጠቅላላው 160 አካባቢ ይሆናል። ትልቁን ቅጂ ጎብኚው ወደ ሥዕሉ ሲጠጋ ብቻ ይጫን፣ ሲርቅ ይለቀቅ። የጄፔጉን ጥራት መቀነስ ዳውንሎዱን ያፈጥናል እንጂ ሚሞሪውን አያድንም።

ጥያቄ፦ ተማሪዎች የምናባዊ ዓለም (ቪአር) መነጽር ሲያደርጉ ያዞራቸዋል። መፍትሔ አለው?

መልስ፦ ዐይን «እየሄድን ነው» ሲል የውስጥ ጆሮ «ቆመናል» ስለሚል ነው። መንሸራተቱን አጥፍተው ከነጥብ ወደ ነጥብ በመዝለል እንዲንቀሳቀሱ ያድርጉ፣ የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ከ10 ደቂቃ አያሳልፉ፣ ያዞረው ተማሪ ወዲያው ያውልቅ።

ጥያቄ፦ ልጆች ስክራች (ብሎክ እያገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት ድረ ገጽ) ላይ የሌላ ሰው ጨዋታ ሪሚክስ አድርገው (ወስደው ቀይረው) ያመጣሉ። ይህ ፈጠራ ነው ወይስ ኩረጃ?

መልስ፦ ስክራች ላይ የተጋራ ሥራ ምንጩን ጠቅሶና በዚያው ፈቃድ ለመቀየር የተፈቀደ ስለሆነ ኩረጃ አይባልም። ልብሱን ብቻ ቀይሮ የመጣ ልጅ ግን ገና አልጀመረም። አንድ ሕግ ይቀይር በሉት። ለምሳሌ ገጸ ባሕርዩ በየዙሩ እኩል 5 ነጥብ የሚወርድ ከሆነ፣ «ፍጥነት» የሚል ተለዋዋጭ ይፍጠርና በየዙሩ በ1 ይቀንሰው፣ የዋይ (የከፍታ) ቦታውንም በ«ፍጥነት» መጠን ይለውጥ። አወዳደቁ ወዲያው እውነተኛ ይመስላል። ቀጥሎ እግሩ ወለሉ ውስጥ ይሰምጣል።

ያኔ አይንገሩት፤ ወረቀት ያውጣ። እግሩ ከወለሉ 1 ነጥብ ከፍ ብሎ፣ በሚቀጥለው ዙር ፍጥነቱ −12 ከሆነ፣ 11 ነጥብ ከወለል በታች ይሆናል። ማስተካከያው ወለሉን ሲነካ «ወለሉን መንካቱን እስኪያቆም ድረስ ዋይን በ1 ጨምር» ከዚያም ፍጥነትን 0 ማድረግ ነው። ይህን በራሱ በሠራው ብሎክ ውስጥ ያስገባውና «ስክሪን ሳይታደስ አስኪድ» የሚለውን ይምረጥ፤ አለዚያ ገጸ ባሕርዩ ቀስ እያለ ከመሬት ሲወጣ ይታያል። ግድግዳውና ወለሉ አንድ ስፕራይት (በስክራች አንድ ራሱን የቻለ ምስል) ከሆኑ ደግሞ ግድግዳ በነካ ቁጥር እስከ ጫፉ ይወነጨፋልና ይለያያቸው።