ጡንቻዬ ሳይቆረጥ ለምን ከሳ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ከአራት ወር በፊት ክርኔ አጠገብ መስታወት ቆርጦኝ ነርቬ ተሰፋልኝ። ቁስሉ ድኗል። ግን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለው ሥጋ ጎድጉዷል፣ ጣቶቼም እንደ ልብ አይታዘዙኝም። ጡንቻው አልተነካ፣ ምን ሆኖ ነው የሚከሳው? ስፌቱ ከሽፎ ይሆን?

መልስ፦ አይዞዎት፣ አራት ወር ገና ነው። የተሰፋ ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከክርን እስከ መዳፍ ያለውን በማስመሪያ ይለኩና ቀኑን ያስሉት። ሐኪምዎ የነርቩን መስመር በጣቱ ቆርቆር ሲያደርግ መንዘር የሚሰማዎት ቦታ በየወሩ ወደ መዳፍ የሚወርድ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው።

ወደ ክሳቱ እንምጣ። ሥራ መፍታት አንዱ ምክንያት ነው፣ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። ነርቭ ጡንቻን "ተንቀሳቀስ" ብሎ ብቻ አይተወውም። የትኛው ጂን ይሥራ፣ የትኛው ዝም ይበል የሚለውንም ይወስንለታል።

ይህ የሚጀምረው ገና በማህፀን ነው። አንድ የጡንቻ ክር አንድ ሴል ቢሆንም በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኒውክለሶች (ጂን የሚቀመጥባቸው የሴል ማዕከሎች) አሉት፣ ሁሉም የያዙት ጂን አንድ ዓይነት ነው። የነርቩ ጫፍ እንደደረሰ አግሪን የሚባል ፕሮቲን ያወጣል። አግሪን በጡንቻው ላይ ያለውን ሙስክ የተባለ ፕሮቲን ያነቃል። ያኔ አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቩን መልእክት አድራሽ ኬሚካል የሚቀበሉት ተቀባዮች ከነርቩ ጫፍ ሥር ይሰበሰባሉ። እዚያው ያሉት ጥቂት ኒውክለሶችም የተቀባዩን ጂን ሥራ ላይ ያቆዩታል። የቀሩትስ? ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ጂኑን ዝም ያሰኝባቸዋል። ለዚህ ነው ነርቩና ጡንቻው በሚገናኙበት ቦታ ላይ በአንድ ካሬ ማይክሮሜትር 10,000 ገደማ ተቀባይ ሲኖር ከዚያ ራቅ ሲል ምንም የሌለ ያህል የሚሆነው። ግሩም ሥራ ነው መቼም!

ነርቩ ሲቆረጥ ኤሌክትሪኩም ይቋረጣል። ዝም ያሉት ኒውክለሶች ይነቃሉ፣ በፅንስ ጊዜ የነበረው የተቀባይ ዓይነት ሳይቀር ተመልሶ ይመጣል፣ በጡንቻው ገጽ ሁሉ ይበተናል። የጡንቻን ፕሮቲን የሚያፈርሱ ጂኖችም አብረው ይበረታሉ። ያዩት ጉድጓድ የዚህ ውጤት ነው።

ደግነቱ አግሪን በጡንቻው ክር ዙሪያ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ተጣብቆ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1979 በእንቁራሪት ላይ በተሠራ ጥናት ጡንቻው ያለ ነርቭ እንደገና ሲበቅል እንኳ ተቀባዮቹ በቀድሞው ቦታ ተሰብስበው ተገኝተዋል። ተመልሶ የሚያድገው ነርቭም ብዙውን ጊዜ እዚያው የድሮ ቦታው ላይ ያርፋል።

ግን ጡንቻው ለዘላለም አይጠብቅም። ከ12 እስከ 18 ወር ካለፈ መልሶ መገናኘቱ ይከብዳል፤ ስለዚህ ቀጠሮዎን አይዝለሉ፣ ኢኤምጂ (የጡንቻን ኤሌክትሪክ የሚለካ) ምርመራ ከታዘዘልዎ አያዘግዩት። ጣቶችዎን በሌላው እጅዎ በየቀኑ ያፍታቱ፣ አለዚያ ነርቩ ሲደርስ መገጣጠሚያው ደርቆ ይጠብቀዋል። የደነዘዘውን ጣት ከትኩስ ነገር ይጠብቁ።

ሌላ ቀዶ ሕክምና ካጋጠመዎት ደግሞ የነርቭ ጉዳት እንዳለብዎት ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ። ሱክሲኒልኮሊን የሚባለው ጡንቻ ማላሊያ የተበተኑትን ተቀባዮች በአንዴ ሲከፍታቸው ፖታሲየም ወደ ደም ይፈስሳል፣ ይህም የልብን ምት ሊያናጋ ይችላል። የተጎዳው ጡንቻ ብዙ ሲሆን አደጋው ይጨምራል። የእርስዎ ጥቂት ቢሆንም መናገሩ አይከፋም፤ ባለሙያው ሌላ መድኃኒት መምረጥ ይችላል።