ከሞጁሉ በፊት ጠያቂ ፈልጊ

ከሸዋ ሮቢት የጻፍሽው እኅቴ፣ በዕድሜ ስለምንቀራረብ «አንቺ» ብልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ጥያቄሽን እንደተረዳሁት ዕድሜሽ 43 ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርሽ፤ ሦስተኛ ልጅሽን ስትወልጂ ሥራውን ትተሽ ሱቅ ከፈትሽ፤ አሁን ደግሞ የጤና ትምህርቱን ከቤትሽ ሆነሽ በርቀት መቀጠል ትፈልጊያለሽ። «በዚህ ዕድሜ ጭንቅላቴ ይቀበላል ወይ? ስልክ ይበቃኛል ወይስ ኮምፒውተር ልግዛ? ከምንስ ልጀምር?» ብለሻል።

እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። የሠለጠንኩት በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ፕሮግራሙ በ1995 ተጀምሮ ገና 16ቱን የጤና ፓኬጆች በቃላችን የምንሸመድድበት ጊዜ ነበር። ወደ ደረጃ 4፣ ማለትም ወደ ቀጣዩ የሙያ እርከን፣ ለማደግ እንደገና ደብተር የያዝኩት 41 ዓመት ሞልቶኝ ነው። ንድፈ ሐሳቡን ቤቴ ሆኜ በሞጁል፣ ማለትም ለብቻ ተነብቦ በሚጠና መጽሐፍ፣ ተግባሩን ደግሞ በአካል ሄጄ ተማርኩ።

ስለ ጭንቅላትሽ አትጨነቂ። እኔን ተስፋ ሊያስቆርጠኝ የደረሰው ዕድሜዬ ሳይሆን የሞጁሉ ዝምታ ነው። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ዓይንሽን አይቶ አለመረዳትሽን ያውቃል። ሞጁል ግን አንብበሽ ስትዘጊው አብሮሽ ይዘጋል። ስለ ቅድመ ወሊድ ክትትል ሦስት ሳምንት ሙሉ አንብቤ፣ ገጹን በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ አስምሬ ጨረስኩት። ከዚያ ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ነርስ «ራስ ምታትን፣ የዓይን ብዥታንና የደም ግፊትን ለምን አንድ ላይ እንጠይቃለን?» አለችኝ። ምልክቶቹን በተርታ መጥራት እችል ነበር፤ «ለምን» ስትለኝ ግን ዝም አልኩ። በየክፍሉ መጨረሻ የራስ መመዘኛ ጥያቄዎች ነበሩ፤ እኔ ግን መልሱ ከኋላ ስላለ ቶሎ ገልጬ አይቼ «አዎ፣ ይህንንማ አውቀዋለሁ» እያልኩ አልፍ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥረኛ ክፍል የነበረችውን ልጄን ጠያቂ አደረግኋት። ማታ ቡና ሲፈላ ሞጁሉን ትይዝና መልሱን በእጇ ሸፍና ትጠይቀኛለች። ርኅራኄ የሚባል አልፈጠረባትም። «እማዬ፣ አንብበሽዋል እንጂ አላወቅሽውም» ያለችኝን ቀን አልረሳውም። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ «ለዚህ ዕድሜ ደግሞ ፈተና!» ይል ነበር፤ በኋላ የልጅቱ ጥያቄ ሲያልቅ እሱ ራሱ ስለ በጎቹ ሳል መጠየቅ ጀመረ። ስለ በግ ሞጁሉ ምንም እንደማይል ማስረዳቱ ሌላ ሥራ ሆነብኝ።

ለእኛ ዕድሜ የሚሰጠው ደስታ ግን ይኸው «ለምን» ነው። በጤና ኬላ ስንት ዓመት የሕፃናትን ትንፋሽ ቆጥሬያለሁ! ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለው በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ትንፋሽ ነው ብለው አስተማሩን፤ እኔም እንደ ዳዊት ደገምኩት። ቁጥሩ ለምን በዕድሜ እንደሚለያይ የገባኝ በ41 ዓመቴ ነው። ሕፃን ጤነኛም ሆኖ ከትልቅ ልጅ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ የሳንባ ምች ሲይዘው ደግሞ ሳንባው ስለሚጠጥር ረጅም ትንፋሽ መሳብ ያቅተዋል፣ ስለዚህ አጭር አጭሩን ያበዛል። ይህን ባነበብኩ ማግስት አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ደረቱን ገልጬ ስቆጥር ያንን ሁሉ ዓመት ስሠራው የኖርኩትን ነገር ገና ያን ቀን የጀመርኩት መሰለኝ። የሃያ ዓመት ልጅ ይህን ሲያነብ ለፈተና ይይዘዋል፤ አንቺ ስታነቢው ግን የምታውቂው ልጅ ፊት ይመጣብሻል።

ልምድ ሸክምም ይሆናል፤ ይህንም ልንገርሽ። በብቃት ምዘናው የጽሑፉን ፈተና አለፍኩ፤ በተግባሩ ግን የመጀመሪያ ጊዜ ወደቅኩ። ክትባት መስጠት እኮ እንጀራዬ ነው! መዛኙ ግን በእጁ ያለውን ዝርዝር እየተከተለ ነበርና፣ እኔ ለዓመታት አቋራጭ የለመደው እጄ ሁለት ደረጃ ዘለለ። ጥፋቱ የራሴ ነበር። ለሁለተኛው ምዘና ስዘጋጅ ልጄ ዝርዝሩን እያነበበች እኔ በትራስ ላይ እየወጋሁ ተለማመድኩ።

አንቺ ግን እኔ የሌለኝ ነገር አለሽ። መንዝ ደጋ ነው፤ ወባን በወረቀት ብቻ ነበር የማውቃት። ለተግባር ልምምድ ቆላ ስወርድ፣ ከጣርማ በር ጉም ወጥቼ ደብረ ሲናን አልፌ እናንተ ዘንድ ስደርስ፣ አንዲት እናት «ድኜ ሳበቃ ተመልሳ ትይዘኛለች» አለችኝ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ እንደገና እንደሚነሳ፣ ፋልሲፓረም ግን እንዲህ እንደማይደበቅ አንብቤ ነበር። ያቺ እናት በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳችኝ። አንቺ እንዲህ ያለውን ነገር በየቀኑ ሱቅሽ በር ላይ ትሰሚዋለሽ።

ስለ ሰዓት፣ እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነበር የማነበው፤ በጋቢ ተጠቅልዬ፣ መብራት ሲጠፋ በሶላር ፋኖስ። መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት አስጠኚያችንን ለሳምንታት አላየንም። እንግሊዝኛው ከብርዱ ይብስ ነበር። አንድ ደብተር ለቃላት ብቻ ለየሁ፤ አጠገባቸው የራሴን አማርኛ እጽፋለሁ። «ኮንትራኢንዲኬሽን» አጠገብ «ይህ ካለባት እንዳትሰጫት» ብያለሁ። መዝገበ ቃላት ከሚለው ይልቅ ይኸኛው ይታወሰኛል።

አሁን ወደ ገንዘብሽ። ነርስነትን ወይም አዋላጅነትን ሙሉ በሙሉ በርቀት እናስተምራለን የሚል ማስታወቂያ ካየሽ አንድ ብር እንዳትከፍዪ። ማዋለድን በሞጁል ብቻ የተማረች ሴት አንቺን እንድታዋልድሽ ትፈቅጃለሽ? የሥራ ባልደረባዬ ለአንድ ዓመት ከፍላ ስትማር ቆይታ፣ ኮሌጁ በዚያ ቅርንጫፍ በርቀት ለማስተማር ፈቃድ እንደሌለው ያወቀችው ማስረጃ ስትጠይቅ ነው። ፈቃድ ለኮሌጁ ስም ብቻ ተሰጥቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ የትምህርት ዓይነቱን፣ ቅርንጫፉንና የማስተማሪያውን መንገድ ለየብቻ ጠይቂ። ለዲግሪ ከሆነ የትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣንን፣ ለደረጃ ስልጠና ከሆነ የቴክኒክና ሙያ ስልጠናን የሚመራውን የክልሉን ቢሮ። ዲግሪ ካሰብሽ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የጤና ባለሙያ ከዚያ በኋላ የሙያ ፈቃድ ምዘናም ይጠብቀዋል።

ኮምፒውተር አትግዢ። ስልክ ይበቃል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲና ከአምሬፍ፣ ከዩኒሴፍና ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆኖ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያዘጋጃቸው 13 ሞጁሎች በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ፤ ስማቸው ሂት (HEAT) ነው። እኔ ከኮሌጁ ሞጁል ጎን ለጎን አነብባቸው ነበር። ነገር ግን የወጡት በ2011 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ሁሉን እንደ ወረደ አትቀበዪ። ለምሳሌ ምጥ ጠንክሮ ገባ የሚባለው የማኅፀን በር 4 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው ተብለን ነበር የተማርነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. 5 ሴንቲ ሜትር አድርጎታል። መድኃኒትና መጠን ላይ ስትደርሺ የጤና ጣቢያውን አዲስ መመሪያ አጠገብሽ አስቀምጪ።

ገና ሳትመዘገቢ ከክትባት ሞጁሉ ጀምሪ፤ በእጅሽ የሠራሽው ስለሆነ አይከብድሽም። የመጀመሪያውን ክፍል አንብቢና ለቡና የምትጠሪያት ጎረቤትሽ ሞጁሉን ሳታዪ አስረጃት። መመለስ ያቃተሽን ጥያቄዋን ጽፈሽ እዚሁ ላኪልኝ፤ አብረን እንፈልገዋለን።