መልስ፦ የመሪዎች ጉብኝት ከፎቶግራፍ ያለፈ ፋይዳ አለው?

ጉብኝት ከፎቶግራፍ ያለፈ ለውጥ ያመጣል ወይ ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ እይታ ያመጣል፤ ዕድሜው ግን በቀጣዩ ሥራ ይወሰናል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. አስመራ ሲገቡ ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ አየር ማረፊያ ድረስ ወጥተው አቅፈው ተቀበሏቸው፤ በማግስቱም በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የነበረው የጦርነት ሁኔታ ማብቃቱን የሚያበስር የጋራ መግለጫ ተፈረመ። ለሃያ ዓመታት ያህል ተቋርጦ የነበረው የስልክ መስመር ተከፈተ (ተነጣጥለው ለኖሩ ቤተሰቦች ከመግለጫው ይልቅ ይኸው ሳይበልጥባቸው አልቀረም)፤ ሐምሌ 11 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አስመራ አረፈ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የተከፈቱት የዛላምበሳና የቡሬ የድንበር መተላለፊያዎች ግን በወራት ውስጥ ተዘጉ፤ እንደሚመስለኝ፣ የጉምሩኩና የምንዛሪው አሠራር በዝርዝር ስምምነት ሳይታሰር በመቅረቱ ነው።