መልስ፦ የከተማ ቤተ መጻሕፍትን ማን ያስተዳድር፣ በማንስ ገንዘብ?

ጤና ይስጥልኝ። የደብረ ማርቆስ ሕዝብ አዋጥቶ ቤተ መጻሕፍት ቢያሠራ፣ አስተዳደሩና የየዓመቱ ወጪ የማን ሊሆን እንደሚገባ ጠይቀዋል። ከሕንፃው ይልቅ ማስኬጃው እንደሚከብድ ቀድመው ማየትዎ አስደስቶኛል።

የኒው ዮርክን አሠራር ላንሣ። ብሩክሊንና ኩዊንስ የተባሉት የከተማው ክፍሎች የየራሳቸው የቤተ መጻሕፍት ተቋም ሲኖራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1895 የተመሠረተው የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማንሃተንን፣ ብሮንክስንና ስታተን አይላንድን ያገለግላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን በባለአደራ ቦርድ የሚመራ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ ከንቲባው በሹመቱ የቦርዱ አባል ቢሆንም ብቻውን አያዝዝበትም። ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ በ1901 ለቅርንጫፎች ማሠሪያ 5.2 ሚሊዮን ዶላር የሰጠው፣ ከተማው መሬቱን እንዲያቀርብና ማስኬጃውን በየዓመቱ እንዲችል በውል አስሮ ነው። ዛሬም የቅርንጫፎቹ ወጪ በአብዛኛው ከከተማው በጀት ሲሸፈን፣ የምርምር ክፍሎቹ በስጦታና ከቋሚ ሀብት በሚገኝ ገቢ በእጅጉ ይደገፋሉ። ይህም ከችግር አያድንም፤ በ2023 መጨረሻ በጀቱ ሲቀነስ የእሑድ አገልግሎት ተቋርጦ፣ የቀጠለው በ2024 ገንዘቡ ሲመለስ ነው።

እኔ ባደግሁባት የጎጃም ከተማ የነበረው የንባብ ክፍል የተዘጋው መጽሐፍ አጥቶ አልነበረም፤ የጥበቃው ደመወዝና የመብራቱ ሒሳብ የማን እንደሆነ የተጻፈ ነገር ስላልነበረ ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ መዋጮው ከመጀመሩ በፊት ከከተማ አስተዳደሩ ጋር ውል ይፈራረሙ፤ የሠራተኛ ደመወዝ በከተማው ዓመታዊ በጀት ውስጥ ራሱን በቻለ መደብ ይያዝ። ቦርዱም ከመምህራን፣ ከነጋዴዎችና ከአንባቢ ወጣቶች ተመርጦ፣ በእድራችን እንደለመድነው ሒሳቡን በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ያስመርምር።